ከደረጃው ሥር ካለችው ኪዮስክ ለአራተኛ ፎቅ ሥራ አስኪያጅ

መስከረም 2006 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

ለክቡር አቶ ሚልክያስ ቦልቴ
የሦስት ዋርካ ሁለገብ የገበያ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
አራተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ስላደረጉልኝ ነገር ሁሉ በይፋ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጌታ ሰላም በእርስዎ፣ በባለቤትዎ፣ በልጆችዎና ከሐዋሳ ተጭኖ በመጣው በሚሽከረከረው ወንበርዎ ላይ ይብዛ እያልኩ ጤናዎን፣ በተለይም የጉልበትዎን ሁኔታ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሊፍቱ ከተመረቀ ወዲህ ሠርቶ ስለማያውቅ አራቱን ፎቅ በእግርዎ እንደሚወጡ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በየጠዋቱ የሚወጡት በእኔ ጭንቅላት ላይ ነውና። እኔ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ።

ምናልባት በስም አላውቃትም ይሉ እንደሆነ፣ ከደረጃው ሥር ያለችው የኪዮስክ ባለቤት ፈጠነች ሶርሳ ማለት እኔ ነኝ። በስብሰባ ላይ “ያቺ የካልሲዋ ሴትዮ” እያሉ እንደሚያነሱኝ ስለሰማሁ፣ የካልሲዋ ሴትዮ ማለትም እኔው ነኝ። ከዚህ በፊት በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ጸሐፊ ነበርኩ። ኮምፒውተር ሲገባ የጽሕፈት መኪናዬና እኔ በአንድ ቀን ተሸኘን፤ እሷ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ እኔ ወደ ቤቴ። ስለዚህ ለትልቅ ሰው ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ አላጣሁትም፤ አጻጻፌ ላይ ጉድለት ቢያገኙ ከንዴት እንጂ ካለማወቅ እንዳልሆነ ይረዱልኝ።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በመግቢያው ላይ ያሰቀሉት የአስተያየት መስጫ ሣጥን ቁልፉ ጠፍቶበት፣ በእኔ ማመልከቻዎች እስከ አፉ ሞልቶ፣ አሁን የጥበቃ ሠራተኛችን ዮሴፍ የምሳ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ሆኗል። ሌላ የቀረኝ ቦታ የዋናው በር መስታወት ብቻ ስለሆነ እዚያው ለጥፌዋለሁ። በእግረ መንገዳቸው የሚያነቡ ሰዎች ካሉ የእነሱንም ጤና እጠይቃለሁ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሰጡኝ ቦታ። ሕንፃው የቆመው ሦስት ዋርካዎች ተቆርጠው እንደሆነና ስማቸው እንዳይጠፋ በስማቸው እንደተሰየመ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዋርካዎቹ ቢኖሩ ኖሮ ከእኔ ጋር አብረው ያመሰግኑ ነበር። በምረቃው ሰሞን ሥራ ፈላጊዎችን ሰብስበው ትንሹን ነጋዴ ያላቀፈ የገበያ ማዕከል ልማታዊ ሊባል አይችልም ብለው ሲናገሩ እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፣ አብዝተው ካጨበጨቡትም አንዷ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ከባለቤቴ ከዳና ጋር ተማከርኩና፣ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በዓል የበሬ ቅርጫ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምነውን አውጥተን የኪዮስኳን ብረትና መስታወት አሠራንበት። በጊፋታ ቀን ከደጁ የሥጋ ሽታ የማይወጣ የወላይታ ሰው ምን እንደሚሰማው ለእርስዎ አላስረዳም። በዚያ ዓመት ልጆቼ ሥጋ የቀመሱት በጎረቤት ማዕድ ነው። አፍሬ ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል፤ ግን ኪዮስክ ነበረኝ።

ቦታውም ከደረጃው ሥር ስለሆነ ከፊት ለፊት እንደ ሰው እቆማለሁ፣ ወደ ኋላ ዕቃ ላወጣ ስሄድ እጎነበሳለሁ፣ ከዚያም በኋላ እንበረከካለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ብዙ የጸሎት ሰዎች አሉ፤ እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ የሚውል ግን አላየሁም። ለዚህ መንፈሳዊ በረከት አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ማስታወቂያው። መጀመሪያ የምሸጠው የሞባይል ካርድ፣ ማስቲካ፣ ሶፍትና የፀጉር ቅባት ነበር። ይህ ሁሉ ውጭ በየደጃፉ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ የገዛሁትን ማስቲካ ራሴ እያኘክሁ ውዬ እገባ ነበር። እርስዎ ግን ተጨንቀውልኝ ነው መሰለኝ ለልምድ ልውውጥ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ በቀይ ቀለም የተጻፈ ትልቅ ማስታወቂያ ይዘው መጡ፤ “በጭቃ ጫማ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው” ይላል። ጊዜው ነሐሴ ነው። ከደጃፋችን ያለው መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍበት ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ ከዳር ተከምሮ፣ ቀይ አፈሩ በዝናቡ ቦክቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ንጹሕ ጫማ ይዞ የሚደርስ ሰው ክንፍ ካላወጣ በስተቀር አልነበረም።

በገበያው ቀን ከቤሌ በአውቶቡስ የመጡ የሠርግ ልብስ ገዢዎች ማስታወቂያውን አነበቡ፣ የሚያብለጨልጨውን ሴራሚክ አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በእኛ አገር ወጉ የሚታወቅ ነው፤ የሌላ ሰው ንጹሕ ወለል ላይ የሚገባ እንግዳ አውልቅ እስኪባል አይጠብቅም። ጫማቸውን አውልቀው፣ ጥንድ ጥንዱን አፉን ወደ ውጭ አድርገው ከበሩ ጎን ደርድረው፣ በባዶ እግራቸው ወደ ላይ ወጡ። ከዲምቱ የመጡት ደግሞ የተደረደረውን አይተው አወለቁ። ከኦቶና ሆስፒታል በሽተኛ ጠይቀው የሚመለሱ መምህራንም አወለቁ፤ የተማረ ሰው ሌላው ያወለቀበት ቤት በጫማ አይገባም። አንዲት እናትማ ያን ሁሉ ጫማ በደጃፍ ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ገቡና ማን እንደሞተ ዮሴፍን ጠየቁት። ዮሴፍም ጨንቆት “እኔ እንጃ እናቴ፣ ከላይ ካሉት አንዱ ሳይሆን አይቀርም” አላቸው።

ጫማችሁን ጠርጉ ለማለት እንጂ አውልቁ ለማለት እንዳልነበረ ኋላ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል ሲመለከቱ ወለልዎ እንደ መስታወት ሲያበራ ስላዩ ማንንም ሊያርሙ አልወደዱም። ዝምታዎ እንጀራዬ ሆኖልኛልና አመሰግናለሁ።

3ኛ. ስለ ካልሲው። ባዶ እግር በሴራሚክ ላይ፣ ያውም በነሐሴ፣ ምን እንደሚመስል ማየት ነበረብዎ። ሰዎቹ ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርሱ በጣታቸው እየተራመዱ ይመለሱ ነበር። እኔም ማስቲካውን ትቼ ካልሲ አመጣሁ። ቀጥሎ ነጠላ ጫማ አመጣሁና ለገባው ሁሉ አዋስ ጀመር፤ የወለቀውን ጫማ ደግሞ በመደርደሪያዬ አስቀምጬ፣ ጭቃውን በገንዳ አጥቤ፣ ሲወጡ እንደ አዲስ አድርጌ እመልሳለሁ። ካልሲ የገዛ ነጠላ ጫማውን በነጻ ይጫማል። ነጠላ ጫማዎቹ ተሳስተው ወደ ቤሌ እንዳይሄዱ “ፈጠነች” ብዬ በጥቁር ቀለም ጻፍኩባቸው።

ነገሩን ቀድሞ የተረዳው የሁለተኛ ፎቁ የጨርቅ ነጋዴ አቶ ገበየው ነው። አባቱ ከጉራጌ ወጥተው እዚህ ሶዶ የጨርቅ ንግድ የጀመሩ ስለሆኑ ገዢን ከአካሄዱ ያውቃል። አንድ ቀን ወርዶ ባንኮዬን ተደግፎ ቆመና ሳቀ። “እህቴ ፈጠነች፣ አንቺ እኮ ገዢውን አስረሽ ነው የምትልኪልኝ” አለኝ። ኋላ ሲያብራራልኝ፣ ገዢ በዋጋ ክርክር ላይ ያለው ትልቁ መሣሪያ ጀርባውን ሰጥቶ መሄዱ ነው። ጫማው ከታች የተቀመጠ ሰው ግን ተቆጥቶ እስከ ደረጃው ይደርሳል፣ የተጫማውን የእኔን ነጠላ ጫማ ያያል፣ ውጭ ያለውን ጭቃ ያስባል፣ ከዚያ ተመልሶ ትንሽ ጨምሮ ይገዛል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሁለተኛና የሦስተኛ ፎቅ ነጋዴዎች በእኔ በኩል ሲያልፉ ሰላምታቸው ረዘመ። በዓመቱ መጨረሻ ባቀረቡት ሪፖርት የማዕከሉ ገበያ የደራው በመልካም አስተዳደር ምክንያት መሆኑን ሰምቼ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ካልሲ ብለው ቢያነሱ ደረጃዎን የሚመጥን አልነበረም።

4ኛ. በዚህ ተራ ቁጥር ስለ ሽንት ቤታችን ለመጻፍ አስቤ ነበር። ስለ ሽንት ቤታችን በትህትና መጻፍ ስላልተቻለኝ ትቼዋለሁ።

5ኛ. ስለ መመሪያዎቹ። ክቡርነትዎ ለልምድ ልውውጥ በወጡ ቁጥር ለእኔ አንድ መመሪያ ይዘውልኝ ይመለሳሉ፤ ሌላ ሰው ለጎረቤቱ ዳቦ እንኳ አያመጣም። ካልሲ መስቀል የልብስ ማስጫ ያስመስላል ተብሎ ተከለከለ፤ አጥፌ አስቀመጥኩት። ካልሲ ማጠፍ ደግሞ የጉሊት መልክ ያመጣል ተባለ፤ የት ላድርገው ብዬ ባመለክት ማመልከቻው ወደ ሣጥኑ ገባ። በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ታፔላ ስቀይ ተባልኩ፤ ሰቀልኩ፤ ከዲምቱ የመጡ አንድ ሽማግሌ መድኃኒት ቤት መስሏቸው ለሳላቸው ሽሮፕ ጠየቁኝ። ከሁሉ በላይ የማልረሳው፣ በሕንፃው ውስጥ ያሉ ኪዮስኮች በሙሉ አንድ ለአምስት እንዲደራጁ ያዘዙበት ነው። በሕንፃው ውስጥ ያለው ኪዮስክ የእኔው ብቻ ስለሆነ፣ ካልሲውን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ገንዳውን፣ ብሩሹንና በርጩማዬን ይዤ ተደራጀሁ። ሳምንታዊ ግምገማም አድርገናል። ገንዳው ድክመቱን አምኗል።

6ኛ. ስለ እንግዶቹ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተማው ብዙ ስላወራ እውነቱን ላስቀምጥ። ባለፈው ጳጉሜን ከሌላ ዞን የመጡ እንግዶች የእኛን ማዕከል አይተው ልምድ ሊቀስሙ ነበር። ክቡርነትዎ በጠዋት ወርደው፣ ከመደርደሪያዬ ተርፎ በደጃፍ የተደረደረው ጫማ የለቅሶ ቤት አስመሰለን ብለው፣ አንድም ጫማ እንዳይታይ ለዮሴፍ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጡት። የእኔንም ኪዮስክ በሰማያዊ ሸራ አስሸፈኑት። ሲሸፈን እኔ ውስጥ ነበርኩ። ምናልባት አላዩኝም ይሆናል፣ ወይም አይተውኝ ይሆናል፤ ሁለቱንም በደስታ ተቀብያለሁ።

ዮሴፍ ያን ዕለት ላይ ፎቅ የነበሩ ገዢዎችን ጫማ በሙሉ በማዳበሪያ ሰብስቦ ጄኔሬተር ቤት አስገባው። ማስታወቂያው ግን ከነቀይ ቀለሙ በሩ ላይ ነበር። እንግዶቹ መጡ። እርስዎ ከፊት ከፊት እየወጡ ስለ ዘመናዊነት ሲያስረዱ፣ የእንግዶቹ መሪ፣ ረጅም፣ ጨዋ ሰው፣ ማስታወቂያውን አነበቡ፣ ጫማቸውን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ማሠሪያቸውን ፈቱ። መሪ ከፈታ ተከታይ ምን ቀረው? ሁሉም አወለቁ። ዮሴፍም የታዘዘው አንድም ጫማ እንዳይታይ ስለሆነ፣ ያን ሁሉ የተወለወለ የቆዳ ጫማ በሌላ ማዳበሪያ ሰበሰበና ወሰደ። እርስዎ ከደረጃው አጋማሽ ላይ ዞር ሲሉ ያዩት የልዑካን ቡድን በካልሲው ቆሞ ነበር። አንደኛው እንግዳ አውራ ጣታቸው ከካልሲያቸው ወጥታ ማዕከሉን አብራ ትጎበኝ ነበር።

በዚያ ሰዓት ከሸራው ሥር እጄን አውጥቼ ነጠላ ጫማ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ይህን ያደረግሁት እርስዎን ለማዋረድ ነው መባሉ አሳዝኖኛል፤ ያደረግሁት ሴራሚኩ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ጉብኝቱ አልቆ ጫማ ሲፈለግ የጄኔሬተር ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዶ ስለነበር፣ እንግዶቹ ወደ ሆቴሉ ምሳ ግብዣ የሄዱት በዚያው ነጠላ ጫማ ነው። በሶዶ ዋና መንገድ ያን ሁሉ ሱፍ የለበሰ ሰው ስሜን ተጫምቶ ሲያልፍ ሳይ፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ዕንባዬ መጣ።

7ኛ. ስለ መጨረሻው ደብዳቤዎ። በማግስቱ በፊርማዎና በማኅተምዎ እንደገለጹልኝ፣ ኪዮስኳ የማዕከሉን ገጽታ ስለምታበላሽ በጊፋታ ዋዜማ፣ ማለትም ዛሬ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነቅላ ትነሳለች፤ እስከዚያም ድረስ ነጠላ ጫማ በሕንፃው ውስጥ መጫማት ክልክል ነው፤ በቦታውም ከአፉ ውሃ የሚተፋ የሲሚንቶ አንበሳ ይቆማል። በቧንቧ ያላየነውን ውሃ ከአንበሳ አፍ የምናይበትን ቀን ለማየት ያብቃን።

ማስታወቂያውን ግን አላወረዱትም። በዚህም መሠረት ላለፉት የገበያ ቀናት ሰው ይመጣል፣ በጭቃ ጫማ መግባት ክልክል መሆኑን ያነባል፣ በነጠላ ጫማም ክልክል መሆኑን ከዮሴፍ ይሰማል፣ ለአፍታ እግሩን ያያል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አቶ ገበየው ጨርቁን እያጠፈ ሲዘረጋ፣ እየዘረጋ ሲያጥፍ ይውላል። ወለልዎ በጣም ንጹሕ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን እየቀለድኩ መጣሁ፤ እዚህ ላይ ግን ቀልዱ አለቀብኝ። ኪዮስኳ ከተነሳች ወዴት እንደምወስዳት አላውቅም። ብረቷ ለዚያ ለተጣመመ ቦታ ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ሌላ ቦታ አትቆምም። ዕድሜዬ እንደገና ጸሐፊ የሚያደርገኝ አይደለም፣ ጉልበቴም ለጉሊት ፀሐይ አይሆንም። ዘንድሮ ልጆቼ በራሳቸው ቤት የጊፋታን ሥጋ ሊበሉ ነው ብዬ በየደጁ አውርቻለሁ፤ ከበዓሉ በኋላ ስላለው ጊዜ ሲጠይቁኝ ግን ወሬ እቀይራለሁ። ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ወይ ማስታወቂያውን ያውርዱ፣ ወይ እኔን ይተዉኝ። ማስታወቂያውን አኑሮ እኔን ማንሳት ሰውን ከነእግሩ መከልከል ነው።

በጊፋታ የተጣላ ይታረቅ ዘንድ አባቶቻችን ባኖሩልን ወግ መሠረት እኔ በበኩሌ የታረቅሁ መሆኔን በትህትና እየገለጽኩ፣ በእርስዎ በኩል ያለውን ዕርቅ በማኅተም አስደግፈው እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ። የበሬው ሻኛ ለእርስዎ፣ የቅቤው ወፍራም ለማዕድዎ፣ የጎረቤት ምርቃት ለቤትዎ ይሁን።

በደረጃው አሠራር ምክንያት ከእግርዎ ሥር የማልጠፋ፣ አክባሪዎ

ፈጠነች ሶርሳ
(የካልሲዋ ሴትዮ)

ግልባጭ፦
ለሁለተኛና ለሦስተኛ ፎቅ ነጋዴዎች በሙሉ
ለጥበቃ ክፍል፤ ዮሴፍ የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ሰው ስለሆነ እንዳይቆጡት ከአደራ ጋር
ለሲሚንቶው አንበሳ፤ ሲመጣ ይደርሰዋል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ሙጫ ስቀባ ሳለ እናትዎ ወይዘሮ ፋንታዬ በጠዋቱ አውቶቡስ ከቤሌ ደረሱ። ለልጃቸው የጊፋታ ቅቤ በኮባ ጠቅልለው ይዘዋል። ማስታወቂያውን ሰው አነበበላቸውና ኮንጎ ጫማቸውን በበሩ ላይ አወለቁ። ነጠላ ጫማ ላቀርብላቸው ስል ዮሴፍ ክልክል መሆኑን ነገራቸው። ማን እንደከለከለ ሲጠይቁ እኔ ከበላይ አካል የመጣ መመሪያ ነው ብዬ ልሸፍንልዎ ሞክሬ ነበር፤ ዮሴፍ ግን ለትልቅ ሰው መዋሸት ስለማይችል ስምዎን ተናገረ። በወላይትኛ ያሉትን ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ “እሱን የወለድኩት በጭቃ ወለል ላይ ነው፤ ያን ጊዜ እግሩን ያየበት ሰው አልነበረም” ነው። የዚች ልጅ ነጠላ ጫማ እስኪፈቀድ ድረስ ደረጃውን አልወጣም፣ ካልተፈቀደም በመጣሁበት አውቶቡስ እመለሳለሁ ብለዋል። እኔ እንዳልመከርኳቸው እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። እናት በጊፋታ ዋዜማ ከልጇ ደጃፍ ሳትገባ ስትመለስ አገሩ ምን እንደሚል እርስዎም እኔም እናውቃለን። አሁን ባዶ እግራቸውን በበርጩማዬ ላይ ተቀምጠው እየጠበቅዎ ነው፤ ቅቤው እንዳይቀልጥ ከባንኮዬ ሥር አኑሬዋለሁ። በርጩማውም ባንኮውም በትእዛዝዎ መሠረት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳሉ።